ልጆች ይዞ ውርጭ ላይ ማደር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ጓሳ ለሚወጡ ቤተሰቦች የዝግጅት መመሪያ

አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ብርዱ ሲገባ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ቀን በረዶ ላይ በስኪ ሲንሸራተቱ ይውላሉ፣ ማታ እሳት ከበው ያመሻሉ፣ ፎቶውን ለእኛም ይልካሉ። እኛ ዘንድ ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የለም። ውርጭ የሚያነጋበት ደጋ ግን አለን። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድንበታል፣ ጅብራው በየሜዳው ቆሞ ይታያል። ከደሴ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ብዙ ወላጅ «ልጆቹ ይበርዳቸዋል» ብሎ ሐሳቡን ገና ሲነሳ ይተወዋል። ስጋቱ ትክክል ነው፤ ግን በዝግጅት የሚመለስ ስጋት ነው። ከሁሉ በላይ የምመክረው የጉዞውን ርዝመት፣ ሰዓቱን፣ ልብሱንና መኝታውን በቤቱ ትንሹ ልጅ ልክ መቁረጥን ነው። አባት የሚችለውን ትታችሁ ትንሹ የሚችለውን ጠይቁ። እሱ ከሞቀው፣ ከበላና ከተኛ የቀረው ሰው ሁሉ ደህና ነው።

1. ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱን አጣሩ

ከደሴ የሚነሳው መንገድ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወጣል፤ ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ይገነጠላል። የዚህ መስመር ሰላም ባለፉት ዓመታት አንዴ ሲከፋ አንዴ ሲረጋጋ እንደቆየ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን ይዛችሁ አትነሱ። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ፤ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉ፤ ማረፊያ ስታስይዙም ስለ መንገዱ አንሱ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጧችሁ ቀን ቁረጡ። ከመነሻው ዋዜማ ደግሞ እንደገና ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ይቅር፤ ልጅ ተይዞ «እስቲ እንሞክረው» አይባልም።

መንገዱ ካልተመቸ ዝግጅታችሁ ከንቱ አይቀርም። ደሴ ራሷ በተራራ የተከበበች ናት፤ ጦሳና አዝዋ ገደል አፍንጫችን ሥር ናቸው፣ በጉጉፍቱ በኩል ያለው ደጋም ብርዱ የታወቀ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ለእነዚህም ያገለግላል።

2. ማን እንደሚሄድ ወስኑ

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይዞ 3,200 ሜትር ላይ ማደርን አልመክርም። ሕፃን ራሱን እንደሚያመው፣ ደረቱን እንደሚጨንቀው መናገር አይችልም፤ ለቅሶው የረሃብ ይሁን የከፍታ ለመለየት ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ አስም የሚያስቸግረው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። አያቶች መምጣት ከፈለጉ በቀጥታ አትከልክሉ፤ ደሴ ውስጥ ዳገት ሲወጡ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፣ ከዚያ ተነሱ።

በመነሻው ሳምንት ጉንፋን የያዘው ልጅ ካለ ግን ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። ደረቱ የታፈነ ልጅ ከፍታ ላይ ሌሊቱን በጣም ይቸገራል።

3. ወቅቱን ምረጡ

ለእኔ የሚበልጠው ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ውርጩም አልበረታም። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የተከፈተ ቢሆንም ቅዳሜና እሑድን ከአንድ የበዓል ቀን ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና ስለሌለ ግን የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ማለዳም ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። ትልልቅ ልጆች ይህን ማየት ይወዳሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ የሚጾም ቤተሰብ ስንቁን በዚያ መሠረት ያስብ። የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የሚውልበት የጥር መጨረሻም ደረቅ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ጽኑ ብርድ። ከየካቲት በኋላ በልጉ ሊመጣ ይችላል። ክረምቱን ተዉት፤ ጭጋጉና በረዶው ልጅ ይዞ የሚገባበት አይደለም፣ መንገዱም ይጨቀያል።

ብርዱን በግምት ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ 3,300 ሜትር ላይ የምታድሩ ከሆነ ከደሴ በ5 ዲግሪ፣ ከኮምቦልቻ በ9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ደሴ ላይ ሌሊቱ 6 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ወደ 1 ይወርዳል፤ መሬቱ አጠገብ ደግሞ ከዚያም በታች ስለሚሆን ነው ውርጭ የሚጥለው።

4. አንድ የሙከራ ቀን አድርጉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ለጓሳ ያሰበውን ጫማና ልብስ ለብሶ፣ ስንቁን ተሸክሞ ጦሳ ላይ ይውጣ። የኮምቦልቻ ቤተሰብ ከሆናችሁ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ግቡና ከዚያ ጀምሩ፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ራሱ በመኪና የሚያቅለሸልሸው ልጅ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

የምትመለከቱት ይህን ነው። ትንሹ ልጅ «እዘሉኝ» ከማለቱ በፊት ስንት ሰዓት ሄደ? ያቺ ሰዓት ለጓሳ የቀን ጉዟችሁ ጣሪያ ናት፤ እንዲያውም አየሩ ስለሚሳሳ ከላይዋ ቀንሱ። ጫማው የማንን ተረከዝ ላጠ? በጣም ያላበው ማን ነው፣ ብርድ ብርድ ያለውስ? ምን በሉ፣ ምኑን ሳይነኩ መለሱት? ተራራ ላይ ልጅ የሚበላው ቤት የለመደውን ነው፤ አዲስ ምግብ እዚያ አታስጀምሩት። ማታ ስትመለሱ እነዚህን በወረቀት ጻፉ፣ ግዢያችሁንም ከዚያ ጀምሩ።

5. መኪናና ሾፌር

በራሳችሁ መኪና ካልሆነ በኮንትራት ነው የምትይዙት። ሚኒባስ እስከ ደብረ ሲና ምንም አይልም፤ ከዚያ በላይ ላለው ዳገትና ለገጠሩ መንገድ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል። ከዋጋው በላይ ግን ስምምነቱ ግልጽ ይሁን። ናፍጣው በማን ነው? የሾፌሩ አበልና ማደሪያስ? መኪናው እናንተ ባላችሁበት ያድራል ወይስ አድርሶ ተመልሶ በቀጠሮ ይመጣል?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አትደራደሩ። መኪናው ከእናንተ ጋር ማደር አለበት። ሌሊት ልጅ ቢታመም የምትወርዱበት እሱ ብቻ ነው። «ነገ ማታ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» የሚለው ርካሽ ዋጋ ለወጣቶች ይሆን ይሆናል፣ ልጅ ለያዘ ግን አይሆንም።

ከመነሳታችሁ በፊት እስኮርታውንና ክሪኩን በዓይናችሁ እዩ፤ ፍሬኑን አስፈትሹ፣ ምክንያቱም ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ነዳጅ ትልቅ ከተማ ላይ ሙሉ። ጥሬ ብር ያዙ፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቴሌብር አይሠራም።

6. ልብስና መኝታ

የልብሱ ምስጢር ድርቀት ነው። ልጅ ሲሮጥ ያልበዋል፣ ሲቆም ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ነው ብርዱ አጥንቱ የሚገባው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከማልበስ ሦስት ስስ ነገር መደራረብ ይሻላል። ከሥጋው ጋር የሚጠጋ ጠበብ ያለ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ዳገት ሲጀምር ሹራቡ ይውለቅ፣ ሲያርፉ ወዲያው ይለበስ። ይህን ልጁ አያስታውስም፤ የወላጅ ሥራ ነው።

ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይይዝም፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ጋቢ ደረቅ ሆኖ መኝታ ላይ ሲደረብ አቻ የለውም፣ ጭጋግ ውስጥ ለብሶ መሄድ ግን ውሃ መሸከም ነው። የመንዝ ሰው ባናና ዝተት ከበግ ጠጉር የሠራው ብርዱን ስለሚያውቀው ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ የአያት ባና ካለ ከሣጥን አውጡት፣ አስጥታችሁ ያዙት።

አዲስ ጃኬት ለሁሉም መግዛት አይጠበቅባችሁም። ሰልባጅ ውስጥ ፈልጉ። ከውጭ በሚመጣው ቦንዳ መካከል የልጆች የስኪ ጃኬትና ሱሪ አይጠፋም፤ ብዙ ሰው አንጠልጣዩንና ወፍራምነቱን አይቶ ይተወዋል። እነዚያ ልብሶች በረዶ ላይ ለሚወድቅና ለሚነሳ ልጅ የተሠሩ ስለሆኑ ለውርጭ ከበቂ በላይ ናቸው። ስትገዙ ዚፑን ዝጉና ክፈቱ፣ እጅጌው አውራ ጣት ላይ የሚደርስ ይሁን፣ ከውጭ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ይንከባለል ወይስ ይምጠጥ እዩ። የሚመጥ ከሆነ ለነፋስ እንጂ ለዝናብ አይሆንም።

ለእያንዳንዱ ልጅ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት (አንዱ ይረጥባል ወይም ይጠፋል) እና ከቀን ልብሱ ተለይቶ የተቀመጠ የማደሪያ ካልሲ ያስፈልገዋል። የማደሪያው ካልሲ ቀን አይነካም፤ ደረቅ እግር ይዞ የተኛ ልጅ እስኪነጋ ይተኛል። ጫማው ከተለመደው ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ወፍራም ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲገባ ደም ያግዳል፣ እግሩም ይብስ ይቀዘቅዛል። ሸራ ጫማ ብቻ ያለው ልጅ ካለ ካልሲውን በፌስታል ሸፍኖ ጫማ ማድረግ ለአጭር ጊዜ ያድናል። ዣንጥላ አትያዙ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

ፀሐዩን አትናቁ። ቀኑ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይ የማትመታ ይመስላል፤ ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፣ በ1,000 ሜትር ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ለከንፈር ቫዝሊን ያስፈልጋል። ቫዝሊን ድርቀት ይከላከላል እንጂ ፀሐይ አይከላከልም፤ ፊት ላይ እሱን ብቻ ቀብቶ መውጣት አይበቃም።

መኝታው ላይ ሰው የሚዘነጋው የታችኛውን ነው። ከላይ አራት ብርድ ልብስ ብትደርቡም ከታች ስስ ከሆነ መሬቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። አጎዛ ካላችሁ ከልጁ ሥር አንጥፉት፤ ከሱ የሚበልጥ አላውቅም። ድንኳን ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ፍራሽ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ያስፈልጋል። ከመተኛታችሁ በፊት ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ ከእግሩ ሥር አድርጉ። የፈላ ውሃ አትጨምሩበት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ልጁንም ሊያቃጥል ይችላል።

ጓሳ ላይ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ቤትና የድንኳን ቦታ አለ። ትንሽ ልጅ ካለ ቤቱን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ድንኳኑን ለሁለተኛ ጉዞ አቆዩት። ስታስይዙ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ፣ ወጥ ቤቱን መጠቀም ይቻል እንደሆነና የማገዶውን ነገር ጠይቁ።

7. ስንቅ

ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሲፈላ ያን ያህል ትኩስ አይደለም። በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ የነበረው ጓሳ ላይ 89 ይሆናል። ምስሩ፣ ድንቹ፣ ሩዙ ሁሉ ይዘገያል፤ ያልዘፈዘፋችሁት ባቄላማ ሲፈላ አምሽቶ ጥሬውን ሊቀር ይችላል። ርቦት ለሚያለቅስ ልጅ ይህ መጥፎ ዜና ነው። ቶሎ የሚደርስ ነገር ያዙ። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ አያስቸግርም። ቋንጣና ድርቆሽ ካለ በአንድ ድስት እራት ይሆናል። ለቀኑ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፤ የተቀረውን ቆሎ ደብረ ሲና ስታልፉ መንገድ ዳር ትገዛላችሁ።

በወሎ እንደተለመደው የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰብ አብሮ የሚጓዝ ከሆነ የጋራው ድስት የጾም ይሁን። ሽሮው፣ ምስር ክኩ፣ ጎመኑ ማንንም አይለይም፤ ሥጋ የሚፈልግ የየራሱን ቋንጣ በየራሱ ዕቃ ይያዝ። ይህን ከመነሳት በፊት መነጋገር እዚያ ደርሶ ከመተፋፈር ያድናል።

ውሃ ላይ በርቱ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ሳይታወቅ ይደርቃል፣ ብርዱ ደግሞ ጥማቱን ይደብቀዋል። ልጅ ውሃ ሲቀዘቅዝ አይጠጣም፤ ፔርሙስ ሙሉ የዝንጅብል ሻይ በማር ያዙ፣ በየዕረፍቱ ለሁሉም ይዳረስ። ሽንቱ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ አልጠጣም ማለት ነው።

8. በሁለት ቀን ውጡ

ከደሴ ጓሳ በአንድ ቀን መግባት ይቻላል። ልጅ ይዛችሁ ግን አታድርጉት። ጠዋት ከደሴ 2,500 ሜትር ትነሳላችሁ፣ ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፣ ማታ ከ3,200 በላይ ውርጭ ላይ ትወጣላችሁ። ትልቅ ሰውም ይህን በአንድ ቀን አይወደውም። ደብረ ሲና እደሩ። በተለይ የኮምቦልቻ ልጆች ለዚያ ከፍታ እንግዳ ስለሆኑ መሀል ላይ የሚያርፉባት ያቺ ሌሊት ትጠቅማቸዋለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ የጣርማበርን ጠመዝማዛ ውጡ፤ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ከፊት ይቀመጥ፣ ስልክ አይሰጠው፣ ሩቅ ይመልከት። ጆሮው ሲደፈን ቆሎ ወይም ማስቲካ ያኝክ። የሹራብና የጃኬት ሻንጣው ከላይ ታስሮ እንዳይሄድ፤ ጣርማበር ላይ በር ስትከፍቱ ያስፈልጋችኋል።

9. የመጀመሪያው ከሰዓት

ስትደርሱ ለመሮጥ የሚቻኮል ልጅ አለ፤ አረጋጉት። የዚያ ቀን ሥራ ዕቃ ማግባት፣ መኝታ ማንጠፍ፣ ሻይ መጠጣትና ቀስ ብሎ በአካባቢው መንሸራሸር ብቻ ነው። ፀሐይ ጠለቅ ስትል ብርዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ልጆቹ የማደሪያ ልብሳቸውን ለብሰው ያብቁ፣ እራትም በብርሃን ይበላ።

10. ከሰል መኝታ ቤት አይገባም

ይህን ደግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። ቡና የተፈላበት ከሰል ፍሙ ያምራል፣ ልጆቹ በርዷቸዋል፣ «ጭሱ አልቋል፣ ትንሽ ያሙቀን» ይባላል። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተዘጋ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ሰውን ተኝቶ እያለ ይገድላል። በአገራችን በዚህ ምክንያት ቤተሰብ በሙሉ ያለቀበት ዜና በየጊዜው የምንሰማው ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ኦክስጅን ስለሚያንሰው አደጋው ይብሳል፤ ሕፃናትን ደግሞ ቀድሞ ይጥላል።

ቡናው ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰሉ ሲበቃ ውሃ ይፍሰስበት እንጂ በአመድ ተዳፍኖ በር ሥር አይደር። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ድንኳን ውስጥ አይለኮስ። እሳት የሚነደው ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ከሆነ መስኮቱ ትንሽ ክፍት ይሁን፣ ከመኝታ በፊትም እሳቱ ይጥፋ። አንድ ክፍል ውስጥ ካላችሁት ሰዎች ሁለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው «ከፍታው ነው» አትበሉ፤ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ።

11. የከፍታ ሕመምን ለዩ

ከ2,500 ሜትር በላይ ማንም ሊያመው ይችላል፤ ጉልበተኛ መሆን አያድንም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ትንሽ ልጅ ላይ እንዲህ ተለይቶ አይታይም፤ ይነጫነጫል፣ አይጫወትም፣ የሚወደውን ምግብ ይመልሳል። ቀላል ከሆነ ይረፍ፣ ይጠጣ፣ በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይሰጠው፣ ከዚያ በላይ ከፍታ አይውጣ። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይሻለዋል።

ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ውረዱ። ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታበት፣ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም አረፋ ያለው አክታ የሚያስለው ሰው ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊት መኪናው ይነሳ። መሐል ሜዳ ቅርብ ከተማ ብትሆንም ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ጤና ተቋም ማግኘት ይጠቅማል፣ ከፍታው ግን አልቀነሰም። ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር የሚያወርደው በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ነው። ሾፌሩ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፣ ቁልፉም የት እንደሚያድር ሌላ ሰው ይወቅ።

12. ቀኑን ከአውሬው ጋር አስተካክሉት

በማለዳ ልጆችን ከመኝታ አታስወጡ። ጭላዳዎቹም ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው ወደ ሜዳው የሚወጡት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቁርስ በልታችሁ ብትነሱ ውርጩ ቀልጦ፣ መንጋው ሣር እየነጨ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ድምፅ ይቀንሱ፣ ይጠብቁ፤ መንጋው ራሱ ይጠጋል። ወንዱን ትከሻው ላይ በሚወርደው ረጅም ጠጉር ይለዩታል፤ ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክት ሴቷም አላት። ምግብ አይሰጥም፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ነገ የሌላ ልጅ እጅ ይነጥቃል።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ዕድልና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ሁሉም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚያድነው፣ አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ሲያደባ ይታያል። ትልቁ ጠላቱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የቤታችሁን ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከአካባቢው አስጎብኚ ያዙ። መንገዱን ከማሳየት በላይ ለልጆቹ የቦታውን ታሪክ የሚነግራቸው እሱ ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ይከለከላል፣ ከዚያ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ እንደገና በራሱ መተዳደሪያ አቋቁሞታል። ልጆቻችን ደን መጠበቅን በመጽሐፍ ይማራሉ፤ እዚህ የሚጠብቀውን ሰው አግኝተው ይጠይቁት። ስለዚህ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ አትስበሩ፣ ማገዶ ግዙ።

ትንሹ ልጅ ከደከመ ተመለሱ። ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ እጅ ይያዝ፤ ጫፉ በሣር ስለሚሸፈን የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

13. መመለሻ

ሁለት ሌሊት ይበቃል። በመውጫው ቀን ቆሻሻውን በፌስታል ሰብስባችሁ መኪና ላይ ጫኑ፣ የአስጎብኚውንና የማረፊያውን ሒሳብ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ዝጉ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ተነሱ። ቁልቁለቱን በቀን ጨርሱት፤ ሾፌሩ በማርሽ ይውረድ እንጂ ፍሬን ላይ አይተኛ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የልጆቹን ሹራብ አውልቁ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይብሉ፤ ከውርጭ ወርደው ያን ሙቀት በደራረቡት ልብስ ከተቀበሉት ያቅለሸልሻቸዋል። የቀረው መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳማ ስለሚበዛበት ይተኛሉ።

ቤት ስትገቡ ባናውን፣ ድንኳኑንና ጫማውን በማግስቱ ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ረጥቦ የታጠፈ ሱፍ ይሸታል፣ ብል ይበላዋል። በሚቀጥሉት ቀናት ሳል ወይም ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ሐኪም ዘንድ ስትወስዱት ከፍታ ላይ ማደሩን ንገሩት።